በቀድሞ ዘመን በእንግሊዝ አገር አባት ርስቱን ለወንዶች ልጆቹ እንዴት ያካፍል እንደ ነበረ

ለመምህራንና ለሽማግሌዎች የተሰናዳ ትምህርት

ርስት ያለው አባት ሁሉ ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ አንድ ከባድ ነገር ያስባል። መሬቱ አንድ ነው፤ ልጆቹ ግን ብዙ ናቸው። ሁሉንም ለታላቁ ቢሰጥ ታናናሾቹ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ለሁሉም እኩል ቢያካፍል ደግሞ ርስቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተቈራረሰ በመጨረሻ ለማንም የማይበቃ ይሆናል። ስለዚህ አባት ሁለት ሥጋት አለበት፤ አንደኛው ልጆቹ እንዳይራቡ፥ ሁለተኛው የአባቶቹ ቤት እንዳይፈርስ ነው።

ይህ ሥጋት በብዙ አገር ያለ ነው። በዚህ ትምህርት የሚነገረው ግን የእንግሊዝ አገር ታሪክ ነው፤ ዘመኑም ከ1300 እስከ 1540 ድረስ ያለው የመካከለኛው ዘመን መጨረሻ ነው። ይህ ዘመን የተመረጠበት ምክንያት በዚያን ጊዜ የነበሩ ሰዎች የተናዘዙት ቃል ተጽፎ በብዙ ሺህ የሚቈጠር እስከ ዛሬ ተጠብቆ ስለሚገኝ ነው። በካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት የኑዛዜ መዝገብ ከ1383 ጀምሮ ያለው አልጠፋም። ከዚህ የተነሣ የዚያ ዘመን አባቶች ምን እንዳሰቡ፥ ምን እንደ ፈሩና ምን እንደ ተሳሳቱ በግልጥ ይታወቃል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢው ልብ ይበል።

አንደኛ ክፍል። የበኵር ልጅ ሕግ።

በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እንግሊዝን ድል አድርጎ ነገሠ። ከዚያ በኋላ የአገሩ መሬት ሁሉ ከንጉሡ የተገኘ ነው ተባለ። ንጉሡ ለታላላቆቹ መኳንንት መሬት ሰጠ፤ እነርሱም በጦርነት ጊዜ የተሰናዱ ፈረሰኞች ይዘው ሊመጡ ግዴታ ገቡ። መኳንንቱም ከተሰጣቸው ከፍለው ለበታቾቻቸው በዚያው ዓይነት ግዴታ ሰጡ።

አንድ ፈረሰኛ ከነመሣሪያው ለማሰናዳት የሚበቃ መሬት ለአራት ወንድማማች ቢከፈል ከአራቱ አንዱም ፈረስ ሊገዛ አይችልም። የመሬቱ ጌታም አገልግሎቱን ከማን እንደሚጠይቅ ይቸገራል። ስለዚህ መሬቱ ሳይከፈል በሙሉ ለበኵሩ ልጅ እንዲያልፍ ቀስ በቀስ ልማድ ሆነ፤ በ13ኛው መቶ ዓመትም በአብዛኛው የእንግሊዝ አገር የነጻ መሬት ሕግ ሆኖ ጸና። ወንድ ልጅ ያልተወለደለት ሰው እንደ ሆነ ግን ሴቶች ልጆቹ እኩል ይካፈሉ ነበር። ሚስቱም ከባልዋ መሬት ሢሶውን እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ትበላ ነበር።

ሌላም ጥብቅ ደንብ ነበረ። ከብት፥ እህል፥ ዕቃና ገንዘብ በኑዛዜ ይሰጣል፤ ነጻ መሬት ግን በኑዛዜ አይሰጥም ነበር። አባት በሕይወቱ ሳለ ለሌላ ያላስረከበው መሬት እርሱ በሞተ ሰዓት በቀጥታ ወደ በኵሩ ያልፋል። የዚህም ምክንያት ሲነገር፥ በሞት አልጋ ላይ ያለ ሰው በሕመሙ ተጨንቆ ወይም በአጠገቡ ባሉት ሰዎች ተገፋፍቶ ወራሹን ያለ አግባብ ከርስቱ እንዳይነቅለው ነው ይባላል።

ይህ ሕግ ርስቱን ከመቈራረስ አዳነው። ታናናሾቹን ግን አላዳናቸውም። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ካህናት ሆኑ፤ አንዳንዶቹ ሕግ ተማሩ፤ አንዳንዶቹ ወደ ከተማ ሄደው ንግድ ለመዱ፤ ሌሎቹም ወታደርነት ገቡ፤ ወይም በወንድማቸው ቤት እንደ ሎሌ ኖሩ።

ሁለተኛ ክፍል። ከሕጉ የተለየ ልማድ የነበራቸው ቦታዎች።

የበኵር ሕግ በአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ አልሠራም። ከሎንዶን በስተ ደቡብ ምሥራቅ ባለው በኬንት አውራጃ ጋቭልካይንድ የሚባል የቈየ ልማድ ነበረ። በዚህ ልማድ አባት ሲሞት ወንዶች ልጆቹ መሬቱን እኩል ይካፈላሉ። ምድጃው ያለበት ቤት የታናሹ ልጅ ድርሻ ይሆናል። ልጁ 15 ዓመት ሲሞላው ለመሬቱ ሙሉ ሰው ነው። መበለቲቱ ሌላ ባል ሳታገባ በንጽሕና እስከ ኖረች ድረስ ሢሶ ሳይሆን የመሬቱን እኩሌታ ትይዛለች። አባት በወንጀል ተፈርዶበት ቢሰቀል እንኳ ልጆቹ ርስታቸውን አያጡም ነበር። በኬንት መሬትን በኑዛዜ መስጠትም የተፈቀደ ነበር።

በአንዳንድ ከተማና መንደር ደግሞ ርስቱን የሚወርሰው የመጨረሻው ታናሽ ልጅ ነበር። ይህ ልማድ በኖቲንግሃም ከተማ የታወቀ ነው። ከተማዋ በሁለት ሠፈር ተከፍላ በአንደኛው ፈረንሳዮች፥ በሁለተኛው እንግሊዞች ይኖሩ ነበርና፥ በፈረንሳዮቹ ሠፈር ታላቁ፥ በእንግሊዞቹ ሠፈር ታናሹ ይወርስ ነበር። ታላላቆቹ ቀድመው ጎጆ ወጥተው ከአባታቸው ቤት ስለሚለዩ፥ ታናሹ ግን እስከ መጨረሻው ከአባትና ከእናቱ ጋር ስለሚቀር ይህ ልማድ ሳይመጣ አልቀረም ተብሎ ይገመታል።

እኩል ማካፈል መልካም ፍርድ ይመስላል፤ ነገር ግን በሒሳብ ሊመረመር ይገባል። በእንግሊዝ የመሬት መለኪያ ኤክር ይባላል፤ አንዱ ኤክር ከሄክታር እኩሌታ ጥቂት ያንሳል። አንድ አባት 96 ኤክር መሬትና 4 ወንዶች ልጆች አሉት እንበል። እያንዳንዱ ልጅ 24 ኤክር ያገኛል፤ በዚህ አንድ ቤተ ሰብ ደኅና ሆኖ ይኖራል። እነዚህም እያንዳንዳቸው 4 ወንዶች ልጆች ቢወልዱ የልጅ ልጅ ድርሻ 6 ኤክር ይሆናል፤ ይህ ለአንድ ቤተ ሰብ ጭንቅ ነው። እነርሱም በተራቸው 3 ወንዶች ልጆች ቢወልዱ ድርሻው 2 ኤክር ብቻ ነው። በ96 ኤክር የከበረው ሰው የልጅ ልጅ ልጆቹ ለሌላ ሰው ተቀጥረው የሚያርሱ ይሆናሉ ማለት ነው። በኬንት ያሉ ባለጠጎች ይህን አይተው በ1539 በፓርላማ ሕግ የአንዳንዶቹ መሬት ከጋቭልካይንድ ልማድ ወጥቶ በበኵር ሕግ እንዲተዳደር አደረጉ።

ስለዚህ የበኵር ሕግ ቤቱን ይጠብቃል፤ ልጆቹን ግን ይበትናል። የእኩል ልማድ ልጆቹን ይጠብቃል፤ ቤቱን ግን ይበትናል። አስተዋይ አባቶች በሁለቱ መካከል ያለ መንገድ ይፈልጉ ነበር፤ መንገዱንም ያገኙት በኑዛዜ ነው።

ሦስተኛ ክፍል። ኑዛዜ እንዴት ይጻፍ እንደ ነበረ።

በአማርኛ ኑዛዜ የሚለው ቃል ኃጢአትን ለነፍስ አባት መናገርንም፥ ስለ ንብረት የሚሰጥ የመጨረሻ ቃልንም ያመለክታል። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገርም ሁለቱ ነገሮች የማይራራቁ ነበሩ። የታመመ ሰው ካህን አስጠርቶ ንስሐ ይገባል፤ ብዙ ጊዜም ቃሉን የሚጽፍለት ወይም ከምስክሮቹ አንዱ የሚሆነው ያው ካህን ነበር።

ጽሑፉ በእግዚአብሔር ስም ይጀምራል። ቀጥሎ ተናዛዡ ስሙንና መንደሩን ይናገራል፤ ሥጋው ቢታመምም ልቡናው ሙሉ መሆኑን ያስታውቃል። ይህን ማለቱ ኋላ አንድ ሰው ተነሥቶ አእምሮው ጠፍቶ ሳለ የተናገረው ነው እንዳይል ነው። ከዚያ ነፍሱን ለእግዚአብሔር፥ ለእመቤታችን ማርያምና ለቅዱሳን ሁሉ ያስረክባል፤ ሥጋው የሚቀበርበትን ቤተ ክርስቲያን ይወስናል። ረስቶ ስላልከፈለው አስራት ለቤተ ክርስቲያን ጥቂት ገንዘብ ይሰጣል፤ ዕዳውም ሁሉ እንዲከፈል ያዝዛል። ስለ ነፍሱ ጸሎትና ቅዳሴ እንዲደረግ፥ ለድኾችም ምጽዋት እንዲሰጥ ይናገራል።

ከዚህ በኋላ ስለ ንብረቱ ይናገራል። በዮርክ አገረ ስብከትና በሎንዶን ከተማ ተንቀሳቃሽ ንብረት በሦስት ይከፈል ነበር፤ ሢሶው ለሚስት፥ ሢሶው ለልጆች፥ ሢሶው የሟቹ ሆኖ ስለ ነፍሱና ለወደደው ሰው ይውላል። በመጨረሻም ቃሉን የሚፈጽሙለትን ሰዎች በስም ይጠራል፤ ብዙ ጊዜ ከእነርሱ አንዷ ሚስቱ ነበረች። ሰውየው ሲሞት እነዚህ ሰዎች ጽሑፉን ወደ ቤተ ክርስቲያን ዳኛ አቅርበው በምስክር ያጸኑታል።

በጥንቃቄ ሲነገር፥ ጽሑፉ ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው ስለ ነፍስና ስለ ተንቀሳቃሽ ንብረት የሚናገረው ነው፤ ይህን የሚያየው የቤተ ክርስቲያን ዳኛ ነው። ሁለተኛው ስለ መሬት የሚናገረው የመጨረሻ ፈቃድ ነው። ነጻ መሬት በኑዛዜ እንዳይሰጥ ሕጉ እየከለከለ ይህ ሁለተኛው ክፍል እንዴት ሊጻፍ ቻለ ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። መልሱ የባላደራዎች ዘዴ ነው።

አራተኛ ክፍል። የባላደራዎች ዘዴ።

የመሬቱ ባለቤት በሕይወቱና በጤናው ሳለ የሚያምናቸውን ጥቂት ሰዎች ይመርጣል፤ ወዳጆቹ፥ ዘመዶቹ፥ ካህናት ወይም ሕግ ዐዋቂዎች ይሆናሉ። መሬቱንም በሕግ ለእነርሱ ያስተላልፋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሕግ ፊት ባለመሬቶቹ እነርሱ ናቸው። ነገር ግን መሬቱን የያዙት ለራሳቸው ጥቅም አይደለም፤ እርሱ እስኪሞት ድረስ ለእርሱ፥ ከሞተም በኋላ በመጨረሻ ፈቃዱ ለሚናገረው ሰው ጥቅም ነው። አባት ሲሞት መሬቱ በስሙ ስላልሆነ ወደ በኵሩ አያልፍም፤ ባላደራዎቹ ግን በፈቃዱ መሠረት ለየልጆቹ ያከፋፍላሉ።

ባላደራዎቹ ብዙ የሚሆኑበት ምክንያት አለው። አንዱ ቢሞት ሌሎቹ ስለሚቀሩ መሬቱ ያለ ባለቤት አይሆንም። ይህም ሌላ ጥቅም ነበረው። ለፈረሰኛ አገልግሎት የተሰጠ መሬት የያዘ ሰው ሞቶ ወራሹ ሕፃን ቢሆን፥ ልጁ 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ የመሬቱን ፍሬ የሚበላው ጌታው ነበር። መሬቱ በባላደራዎች እጅ ከሆነ ግን ጌታው ይህን ጥቅም አያገኝም።

ባላደራው እምነቱን ቢያፈርስስ? በመጀመሪያ የሕግ ፍርድ ቤቶች መሬቱ የባላደራው ነው ብለው አቤቱታውን አይሰሙም ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት ግን የንጉሡን ማኅተም የሚጠብቀው ሹም፥ ቻንስለር የሚባለው፥ የተበደለውን እየሰማ ባላደራውን እንደ ሕሊና ፍርድ ቃሉን እንዲፈጽም ያስገድደው ጀመር። ስለዚህ ዘዴው በመላው አገር ተስፋፋ።

የተከበረ ርስት ያልነበራቸውና በባላባት መሬት ላይ የሚኖሩ ገበሬዎችም ይህን የሚመስል መንገድ ነበራቸው። የታመመው ገበሬ በጐረቤቶቹ ምስክርነት መሬቱን ለባላባቱ ሹም ወይም ለመንደሩ ሰው ያስረክባል፤ መሬቱም ለእገሌ ልጄ ይሁን ብሎ ይናገራል። የመንደሩ ችሎት በሚቀጥለው ጊዜ ሲሰበሰብ ቃሉ በምስክሮቹ ፊት ተነግሮ በመዝገብ ይጻፋል።

አምስተኛ ክፍል። ድርሻው እንዴት ይደለደል እንደ ነበረ።

ይህ መንገድ የተከፈተላቸው አባቶች ብዙ ጊዜ አንድ መልካም ልዩነት ያደርጉ ነበር። ከአባታቸው የወረሱትን መሬት ለበኵሩ ይተዋሉ፤ እርሱ የትውልዱ ሁሉ አደራ ነውና። በገዛ ድካማቸው የገዙትን መሬት ግን ለታናናሾቹ ያከፋፍላሉ፤ እርሱ የራሳቸው ላብ ነውና። በዚህ ዓይነት በኵሩ የአባቶቹን ቤት ሳይጐድልበት ያገኛል፤ ታናናሾቹም የሚቆሙበት መሬት አያጡም።

የገዛው መሬት የሌለው አባት ደግሞ መሬቱን በሙሉ ለአንዱ ሰጥቶ ግዴታ ያኖርበታል። ታላቁ መሬቱን ሲረከብ ለወንድሞቹ ለእያንዳንዳቸው የተወሰነ ገንዘብ በየዓመቱ ይክፈል፤ ወይም 20 ወይም 21 ዓመት ሲሞላቸው ይህን ያህል ይስጣቸው ይላል። ለሴቶች ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለጋብቻቸው የሚሆን ገንዘብ ነበር። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ በማርክ ይቈጠራል፤ አንዱ ማርክ 13 ሺሊንግና 4 ፔንስ ነው። ለመበለቲቱም በቤቱ ውስጥ አንድ ክፍል፥ በእሳቱ የመሞቅ፥ ከጉድጓዱ ውኃ የመቅዳት መብት፥ በየዓመቱም የተወሰነ እህል ተለይቶ ይጻፍላት ነበር።

አስተዋይ አባት ሞትንም ያስባል። መሬቱ ለታላቁና ከእርሱ ለሚወለዱ ልጆች ይሁን፤ እርሱ ያለ ልጅ ቢሞት ለሁለተኛው፥ ሁለተኛውም ያለ ልጅ ቢሞት ለሦስተኛው ይለፍ እያለ ተራውን ይጽፋል። በ1285 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ተወስኖ የተሰጠ መሬት ከተባለው ትውልድ እንዳይወጣ ይጠበቅ ነበር። የሕፃናት ሞት በበዛበትና በ1348 የመጣው ታላቅ ቸነፈር ደጋግሞ በሚመለስበት ዘመን ይህን ተራ ሳይጽፉ መሞት ትልቅ ጥፋት ነበር።

ስድስተኛ ክፍል። የፓስተን ቤተ ሰብ ታሪክ።

እስከ አሁን የተነገረው ሕጉና ልማዱ ነው። በሥራ ላይ ምን እንዳመጣ ለማየት የአንድን ቤተ ሰብ ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

በእንግሊዝ አገር በስተ ምሥራቅ በኖርፎክ አውራጃ ፓስተን የምትባል መንደር አለች። በዚያ ክሌመንት ፓስተን የሚባል ሰው ይኖር ነበር፤ በ1419 ሞተ። የቤተ ሰቡ ጠላቶች ኋላ በጻፉት ወረቀት፥ ክሌመንት ሞፈር ይዞ የሚያርስ፥ መሬቱም ቢበዛ ከ100 እስከ 120 ኤክር የማይበልጥ፥ እህሉን በፈረስ ጭኖ ራሱ ወደ ወፍጮ የሚሄድ ተራ ገበሬ ነበር ብለው ሰደቡት። ያው ወረቀት ግን ክሌመንት ገንዘብ ተበድሮ ልጁን ዊልያምን እንዳስተማረ ይናገራል። ለስድብ የተጻፈው ነገር ለክሌመንት ምስጋና ሆኖ ቀረ።

ዊልያም ሕግ ተምሮ በ1429 በንጉሡ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ። በደመወዙም በኖርፎክ ብዙ መሬት ገዛ፤ ከእነዚህም ኦክስኔድና ግሬሻም የሚባሉት ይገኛሉ። አግነስ የምትባል ሚስት አግብቶ፥ ከሞት የተረፉለት አራት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ነበሩት። ነሐሴ 1444 በሞተ ጊዜ በኵሩ ጆን 23 ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፥ ሁለተኛው ኤድመንድ የ19 ዓመት ጕልማሳ ነበር፤ ሦስተኛው ዊልያም ግን ገና 8 ዓመቱ፥ አራተኛው ክሌመንት 2 ዓመቱ ነበር።

ዳኛው ኑዛዜውን ጽፎ ነበር። ሚስቱ ከ22 ዓመት በኋላ በ1466 ባስጻፈችው ቃል እንደምትናገረው ግን፥ በሕመሙ ጊዜ ሐሳቡን ጨመረ። ለአንዱ ልጅ እጅግ አብዝቶ ሰጥቶ የቀሩት የሚኖሩበት እንዲያንሳቸው እንደማይፈልግ ነገራት፤ ለሕፃናቱ ድርሻ እንዲጨመርና ስለ ነፍሱ ዘወትር ጸሎት እንዲደረግ ፈለገ። ይህ የመጨረሻ ቃል ግን በጽሑፉ አልገባም።

ዳኛው ከሞተ በኋላ እናት የባልዋን የመጨረሻ ቃል ልታስፈጽም ፈለገች። ጆን ግን በጽሑፍ የሌለውን አልቀበልም አለ። በእናትና በልጅ መካከል ቅያሜ ገባ። በሕጉ በኩል ጆን አሸናፊ ነበር፤ በአባት ሐሳብ በኩል ግን እውነቱ ከእናቲቱ ጋር ነበረ ብሎ የሚፈርድ አይጠፋም።

የጆንንም ነገር በቅን መስማት ይገባል። የፓስተን ቤተ ሰብ አዲስ የከበረ ስለ ነበረ ብዙ ጠላት ነበረው። በ1448 ሎርድ ሞሊንስ የሚባል መኰንን የግሬሻምን መሬት በኃይል ያዘ። በጥር 1450 የጆን ሚስት ማርጋሬት በዚያ ቤት ሳለች፥ በአቤቱታው እንደ ተጻፈው 1,000 የሚሆኑ መሣሪያ የያዙ ሰዎች መጥተው ግድግዳውን አፍርሰው አስወጧት። እንዲህ ባለ ጊዜ ኃይለኛ ባላጋራን የሚቋቋም አንድ ጠንካራ ወራሽ ያስፈልጋል፤ ርስቱ ከተቈራረሰ ለሁሉም አይተርፍም ብሎ ጆን ማሰቡ ያለ ምክንያት አልነበረም። ስለዚህ በዚህ ጠብ ውስጥ አንዱ ወገን ክፉ፥ ሌላው ደግ አልነበረም። ሁለቱም ከእውነት ድርሻ ነበራቸው። ጠቡን የከፋ ያደረገውም ይኸው ነው።

ጆን በ1466 ሞተ። በዚያው ዓመት መስከረም አግነስ የባልዋን የመጨረሻ ቃል አስጻፈች፤ ነገር ግን የ22 ዓመት ቅሬታ ከጽሑፍ በኋላም አልበረደም። አባቱ ሲሞት የ8 ዓመት ልጅ የነበረው ዊልያም አድጎ የሕግ ዕውቀት ያለው ሰው ሆነ፤ ከወንድሙ ልጆችም ጋር ስለ ድርሻው ይሟገት ጀመር። አግነስ በእርጅናዋ ከእርሱ ጋር በሎንዶን ኖረች። በ1479 በሞተች ጊዜ ዊልያም ኦክስኔድንና ማርሊንግፎርድን ጨምሮ እርሷ ይዛ የነበረውን መሬት ለእኔ ይገባኛል አለ፤ የወንድሙ ልጅም ለበኵሩ ቤት ነው ብሎ ተከራከረ። እንዲህ ሆኖ ሟቹ አባት በ1444 ሳይጽፈው የቀረው ነገር ከ35 ዓመት በኋላ አጐትንና የወንድም ልጅን ያሟግት ነበር። የዚህ ቤተ ሰብ ደብዳቤና ሰነድ ከ1,000 የሚበልጥ እስከ ዛሬ ስለ ተጠበቀ ታሪኩን ሁሉ ማንበብ ይቻላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ሟቹ ማን እንደ ነበረ ሲታሰብ ነው። የሌሎችን ሰዎች የርስት ክርክር ሲሰማ የኖረ ዳኛ ነበር። ያልተጻፈ ቃል በፍርድ ፊት ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ሆኖም ሕመም ቀደመው። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው ምሳሌ እንዲህ ባለው ነገር ይገለጣል።

ሰባተኛ ክፍል። ሕጉ እንዴት እንደ ተለወጠ።

የባላደራዎች ዘዴ ሲስፋፋ ከሁሉ ይበልጥ የተጐዳው ንጉሡ ነበር፤ ከሕፃናት ወራሾች መሬት የሚያገኘው ጥቅም ቀረበትና። ስለዚህ በ1536 ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በፓርላማ ሕግ ዘዴውን አፈረሰው፤ በባላደራ እጅ ያለ መሬት የባለ ጥቅሙ ነው ተባለ። በዚህም መሬትን በኑዛዜ የማካፈል መንገድ ተዘጋ። የርስት ባለቤቶች ለታናናሽ ልጆቻችን ምን እንስጥ ብለው አጕረመረሙ፤ በዚያው ዓመት በሰሜን እንግሊዝ በተነሣው ዐመፅ ከቀረቡት አቤቱታዎች አንዱ ይህ ነበር።

በ1540 ንጉሡ ሌላ ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ ለፈረሰኛ አገልግሎት ከተያዘው መሬት ከሦስት እጅ ሁለቱን፥ ከዚህ አገልግሎት ነጻ የሆነውን ደግሞ ሁሉን፥ ባለቤቱ በጽሑፍ ኑዛዜ ለወደደው እንዲሰጥ ተፈቀደ። ቀድሞ በዘዴ ይደረግ የነበረው አሁን በግልጥ ሕግ ሆነ፤ ሕጉም ኑዛዜው እንዲጻፍ አስገደደ። አባት ሳይናዘዝ ቢሞት ግን የበኵር ሕግ እንደ ጸና ቈየ። የበኵር ሕግና የኬንት የእኩል ልማድ ሁለቱም የቀሩት በ1925 ወጥቶ ከ1926 መጀመሪያ ጀምሮ በሠራ ሕግ ነው።

ስምንተኛ ክፍል። ከዚህ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት።

ከተነገረው ሁሉ ሦስት ነገር ይገኛል። አንደኛ፥ እኩል ድርሻና ትክክለኛ ድርሻ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ለአንዱ መሬት፥ ለአንዱ ገንዘብ፥ ለአንዱ ትምህርት መስጠት ትክክለኛ ክፍያ ሊሆን ይችላል። ክሌመንት ፓስተን ተበድሮ ለልጁ የሰጠው ትምህርት ከ120 ኤክር በላይ ፍሬ አፍርቷል።

ሁለተኛ፥ የርስት ነገር በጤና ጊዜ መወሰን አለበት። በሞት አልጋ ላይ የተነገረ ቃል እውነተኛ ቢሆን እንኳ የሰሙት ጥቂቶች ናቸው፤ እነርሱም ባለ ጉዳዮች ስለሚሆኑ አይታመኑም።

ሦስተኛ፥ የተወሰነው ሁሉ በጽሑፍና በምስክር ይጽና፤ ወራሾቹም ሁሉ አባታቸው በሕይወት ሳለ ይስሙት። ቅር የሚለው ልጅ ቢኖር አባቱን ሊጠይቅ ይችላል፤ አባትም ምክንያቱን ሊነግረው ይችላል። ከመቃብር በኋላ ግን የሚመልስ የለም፤ ወንድማማቾቹ አባታቸውን መጠየቅ ሲያቅታቸው እርስ በርሳቸው ይካሰሳሉ።

የመልመጃ ጥያቄዎች።

1. የበኵር ሕግ በእንግሊዝ አገር ስለ ምን ጸና? የኬንትስ ልማድ ከዚህ በምን ይለያል?

2. አንድ አባት 120 ኤክር መሬትና 5 ወንዶች ልጆች አሉት። እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 4 ወንዶች ልጆች ቢወልድ፥ በእኩል ልማድ የአንዱ የልጅ ልጅ ድርሻ ስንት ነው? (መልስ፤ 6 ኤክር።)

3. አንድ አባት ለሴት ልጁ ጋብቻ 40 ማርክ ተናዘዘ። 1 ፓውንድ 20 ሺሊንግ፥ 1 ሺሊንግ 12 ፔንስ ነው። የልጅቱ ገንዘብ በፓውንድ ስንት ይሆናል? (መልስ፤ 26 ፓውንድ ከ13 ሺሊንግ ከ4 ፔንስ።)

4. ባላደራዎቹ አንድ ብቻ ሳይሆኑ ብዙ የሚደረጉት ስለ ምንድር ነው?

5. ከተማሪዎቹ አንዱ ስለ ጆን ፓስተን፥ ሌላው ስለ እናቱ ስለ አግነስ ይናገር። የቀሩት ሁለቱን ወገን ከሰሙ በኋላ እንደ ሽማግሌ ተቀምጠው ይፍረዱ፤ የፍርዳቸውንም ምክንያት ይጻፉ።